ለወንጀሉ ስም ያወጡለት ሰው፦ የዶክተር ራፋኤል ሌምኪን የሕይወት ታሪክ

ባለፈው ዓመት በታሪክ ክፍለ ጊዜ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስንማማር፣ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ ናዚዎች ስድስት ሚሊዮን አይሁዶችን ሲፈጁ ይህን የሚከለክል የዓለም ሕግ አልነበረም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አልነበረም አልኳት። ታዲያ ከጦርነቱ በኋላ በምን ስም ከሰሷቸው ስትል ቀጠለች። የሰጠኋት መልስ እሷን ቀርቶ እኔንም አላጠገበኝም። ቤቴ ገብቼ መጻሕፍት ሳገላብጥ የጥያቄዋን መልስ ያገኘሁት በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ነው። ለዘንድሮው የትምህርት ቤታችን መጽሔት ይህንኑ ታሪክ ለማቅረብ ወደድኩ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ራፋኤል ሌምኪን፣ በእኛ አጠራር ሩፋኤል መሆኑ ነው፣ የተወለደው ጁን 24 ቀን 1900 ሲሆን የትውልድ ቦታው ዛሬ ቤላሩስ በምትባለው አገር፣ በቮልኮቪስክ ከተማ አጠገብ ያለ የእርሻ ቦታ ነው። አካባቢው በዚያን ጊዜ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ሥር ነበር። ወላጆቹ አይሁዶች ናቸው። አይሁድ እንደ ልቡ መሬት ይዞ እንዳያርስ በሚከለከልበት ዘመን አባቱ ዮሴፍ እርሻ ተከራይቶ፣ በየጊዜው ብቅ ለሚለው ፖሊስ እጅ መንሻ እየሰጠ ሦስት ወንዶች ልጆች አሳደገ። እናቱ ቤላ ሥዕል የምትሥል፣ ብዙ ቋንቋ የምታውቅ፣ መጽሐፍ ከእጇ የማይለይ ሴት ነበረች። ልጆቿን ፊደል ያስቆጠረችው ራሷ ናት።

ልጁ ራፋኤል አንድ ቀን ፖላንዳዊው ደራሲ ሸንኬቪች ስለ ንጉሥ ኔሮን ዘመን የጻፈውን ልብ ወለድ አነበበ። ክርስቲያኖች ለአንበሳ ሲጣሉ ሕዝቡ እያጨበጨበ ያያል። ልጁ ወደ እናቱ ሄዶ ሰዎቹ ለምን ፖሊስ አልጠሩም ብሎ ጠየቃት። እናቱም ፖሊስ የሚያድናቸው ይመስልሃል ወይ ብላ ጥያቄውን በጥያቄ መለሰችለት። ስድስት ዓመት ሲሆነው ብዙ በማትርቀው በቢያሊስቶክ ከተማ አይሁዶች በጠራራ ፀሐይ ተጨፈጨፉ። ስለ ኔሮን ያነበበው ነገር ከዚያ በኋላ የጥንት ታሪክ ብቻ ሆኖ አልታየውም። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ግንባሩ በደጃፋቸው አለፈ። ቤተሰቡ መጻሕፍቱን መሬት ውስጥ ቀብሮ ጫካ ገባ። ቤታቸው ጠፋ፤ ከወንድሞቹም አንዱ፣ ሳሙኤል፣ በችግርና በበሽታ ሞተ።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሌምኪን በልቮፍ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ልቮፍ ዛሬ የዩክሬን ከተማ ናት። መጀመሪያ ያጠና የነበረው ቋንቋ ነው፤ አንድ የጋዜጣ ወሬ ግን ወደ ሕግ መራው። ማርች 1921 በርሊን ጎዳና ላይ ሶጎሞን ቴህሊሪያን የተባለ አርመናዊ ወጣት ታላት ፓሻን በሽጉጥ ገደለ። ታላት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የኦቶማን ቱርክ የአገር ውስጥ ሚኒስትር ነበር፤ አርመኖች ከየቀያቸው ተነቅለው በበረሃ እንዲያልቁ ያደረገው መንግሥት ዋና ሰው ነው። የቴህሊሪያን እናት ከሟቾቹ መካከል ነበረች። ሌምኪን መምህሩን ጠየቀ፤ ቴህሊሪያን አንድ ሰው ገድሎ ሲከሰስ፣ ታላት ያን ሁሉ ሕዝብ አስፈጅቶ በበርሊን በነጻነት ሲኖር እንዴት ማንም አልያዘውም? መምህሩ ሕጉን እንደነበረው ነገረው። ዶሮ ያለው ገበሬ ዶሮዎቹን ቢያርድ ጎረቤት አያገባውም፤ መንግሥትም በገዛ ዜጎቹ ላይ የሚያደርገው የራሱ ጉዳይ ነው። ሌምኪን ሰው እንደ ዶሮ መቆጠሩን ሊቀበል አልቻለም። ዕድሜ ልኩን የተሟገተውም ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውስ። ከዚያ እልቂት የተረፉ አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆችን አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1924 ኢየሩሳሌም ላይ አግኝተው አዲስ አበባ አምጥተዋቸዋል። አያቶቻችን አርባ ልጆች እያሉ የሚጠሯቸው፣ በማርሽ ባንዳቸው የምናውቃቸው እነዚያ ናቸው። ሌምኪን በልቮፍ በጋዜጣ ያነበበው መከራ በእኛም አገር ነጋሪት ሲጎሰም፣ መለከት ሲነፋ ይሰማ ነበር ማለት ይቻላል።

ሌምኪን በሕግ ዶክትሬታቸውን አግኝተው በዋርሶ ዐቃቤ ሕግ ሆኑ። በ1933 ሂትለር ሥልጣን በያዘበት ዓመት በማድሪድ የሕግ ባለሙያዎች ጉባኤ ይካሄድ ነበር። ለዚህ ጉባኤ ባዘጋጁት ጽሑፍ ሁለት አዳዲስ ወንጀሎች በዓለም አቀፍ ሕግ እንዲደነገጉ ጠየቁ። አንደኛው አንድን ሕዝብ ወይም የሃይማኖት ማኅበረሰብ ለማጥፋት የሚፈጸም አረመኔነት ነው። ሁለተኛው የዚያን ሕዝብ ጥበብና ቅርስ ማውደም ነው። የፖላንድ መንግሥት ግን በዚያን ጊዜ ጀርመንን ማስቀየም አልፈለገምና የፍትሕ ሚኒስትሩ እንዳይሄዱ ከለከሏቸው። ጽሑፉ ያለ ጸሐፊው ማድሪድ ደረሰ፤ ጉባኤውም ሳይወስንበት ተበተነ። በማግሥቱ ዓመት ሌምኪን ከመንግሥት ሥራቸው ወጥተው የግል ጠበቃ ሆኑ።

ሴፕቴምበር 1939 የጀርመን ጦር ፖላንድን ሲወር ከዋርሶ ሸሹ። የተሳፈሩበት ባቡር በአውሮፕላን ተደበደበ፤ ከዚያ በኋላ በእግርና በጫካ ነው። በመንገድ ላይ አንድ አይሁዳዊ ዳቦ ጋጋሪ ቤት አደሩ። ለሰውየው ሂትለር ምን እንዳሰበ ነገሩት፤ ሰውየው ግን ባለፈው ጦርነት ከጀርመኖች ጋር ነግጃለሁ፣ እንዲህ አያደርጉም ብሎ አላመናቸውም። ሌምኪን የሰውየውን የዋህነት ኋላ በማስታወሻቸው ሲያነሡት በንቀት አይደለም። ሊታሰብ የማይችል ነገር ስም ስለሌለው አይታመንም የሚለውን ሐሳብ እዚያ ቤት ሳያገኙት አልቀሩም።

ወደ ወላጆቻቸው ቤት ደርሰው አንድ ሁለት ቀን ቆዩ። አብረዋቸው እንዲወጡ ለመኗቸው። ሽማግሌዎቹ ቤታችንን ትተን የት እንሄዳለን ብለው ቀሩ። ልጅና ወላጅ ከዚያ በኋላ አልተያዩም።

በሊቱዌኒያ በኩል አድርገው በ1940 መጀመሪያ ገለልተኛ ወደነበረችው ስዊድን ገቡ። በእኔ ግምት የሰውየው ትልቁ ሥራ የተጀመረው እዚህ፣ ስቶክሆልም ውስጥ ነው። በጥቂት ወራት ስዊድንኛ ተምረው በዩኒቨርሲቲው ማስተማር ጀመሩ። ከዚህ ጎን ለጎን ማንም ያላሰበውን ነገር መሰብሰብ ያዙ። ጀርመኖች የያዟቸውን አገሮች በዐዋጅ ነበር የሚያስተዳድሩት። እያንዳንዱ ዐዋጅ እንደ እኛ ነጋሪት ጋዜጣ ባለ መንግሥታዊ ጋዜጣ ላይ ይታተማል። ሌምኪን በዋርሶ ጠበቃ ሳሉ የሠሩለት አንድ የስዊድን ኩባንያ በየአገሩ ቅርንጫፍ ነበረው። የኩባንያውን ሰዎች ያገኛችሁትን ዐዋጅ ሁሉ ላኩልኝ አሏቸው። ወረቀቱ ከየአቅጣጫው መጣላቸው።

አንዱ ዐዋጅ ለብቻው ሲነበብ ተራ የቢሮ ወረቀት ይመስላል። አንዱ አይሁዶች ይመዝገቡ ይላል። ሌላው ክንዳቸው ላይ ምልክት ይሰሩ፣ ሌላው ከሥራ ይሰናበቱ፣ ሌላው ንብረታቸው ይወረስ፣ ሌላው ከተወሰነ ሰፈር እንዳይወጡ ይላል። የራሽን ዐዋጅ አለ፤ ምግብ የሚከፋፈለው በዘር ነው፤ ለጀርመኑ ብዙ፣ ለፖላንዳዊው ትንሽ፣ ለአይሁዱ ከሁሉም ያነሰ። ጋብቻን የሚመለከት ዐዋጅም አለ፤ ፖላንዳውያን ያለ ፈቃድ እንዳይጋቡ። ሌምኪን ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ሲደረድሯቸው የታያቸው ተራ አስተዳደር አይደለም። አንድን ሕዝብ ደረጃ በደረጃ የማጥፋት ዕቅድ ነው፤ ያውም በገዳዩ ፊርማና ማኅተም። የጋዝ ክፍሎቹ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት መሆኑን ልብ በሉ። ዛሬ የሆሎኮስት ታሪክ አጥኚዎች ከሚያደርጉት ዋነኛው ነገር ይኸው የገዳዩን የራሱን ሰነድ ማንበብ ነው።

ከስዊድን ወደ አሜሪካ ለመሄድ በአትላንቲክ በኩል መንገድ አልነበረም። በሞስኮ፣ በሳይቤሪያ ባቡር እስከ ቭላዲቮስቶክ፣ ከዚያ በጃፓን አድርገው ፓስፊክን ተሻግረው አፕሪል 1941 ሲያትል ደረሱ። ማለትም ዓለምን በሌላኛው በኩል ዞሯት። በሰሜን ካሮላይና በዱክ ዩኒቨርሲቲ አንድ የሚያውቋቸው ፕሮፌሰር የማስተማር ሥራ አገኙላቸው። በጁን 1941 ከወላጆቻቸው አጭር ደብዳቤ መጣ፤ ደህና ነን የሚል። በዚያው ወር የጀርመን ጦር ወደ ሶቪየት ኅብረት ገባና ቮልኮቪስክም በናዚዎች እጅ ወደቀች።

ሌምኪን በየከተማው እየዞሩ ተናገሩ። በ1942 ዋሽንግተን ገብተው ለመንግሥት መሥራት ሲጀምሩ ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የሚቀርብ ማስታወሻ ጻፉ፤ ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ ተነግሯቸው ስለነበር የሚሊዮኖችን ሞት በአንድ ገጽ ጻፉት። የመጣላቸው መልስ ትዕግሥት ይኑርዎት የሚል ነው። አንገቱ ላይ ገመድ የገባን ሰው ታገሥ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እየተብሰለሰሉ፣ መሪዎች ካልሰሙ ሕዝብ ያንብብ ብለው መጽሐፍ ወደ መጻፉ ዞሩ።

የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል በ1941 በሬዲዮ ሲናገሩ ዓለም ስም የሌለው ወንጀል እየተፈጸመባት ነው ብለው ነበር። ሌምኪን ወጣት ሳሉ የቋንቋ ተማሪ እንደነበሩ አንርሳ። ስሙን ራሳቸው ሊያወጡለት ተነሡ። የካሜራ ፋብሪካው ባለቤት ኮዳክ የሚለውን ስም እንዴት እንደመረጠ ሳይቀር አጠኑ፤ አጭር፣ ለአፍ የማይከብድ፣ ከሌላ ቃል ጋር የማይምታታ መሆን አለበት። በመጨረሻ ዘር ወይም ነገድ የሚል ትርጉም ያለውን የግሪክ ቃል መግደል ከሚለው የላቲን ቃል ጋር አጣመሩና ጄኖሳይድ አሉት። ቃሉ በኖቬምበር 1944 በታተመው፣ ናዚዎች የያዟቸውን አገሮች እንዴት እንደገዙ በዐዋጆቻቸው በሚያሳየው ከ600 ገጽ በላይ በሆነው መጽሐፋቸው ውስጥ ወጣ። በአማርኛ የዘር ማጥፋት እንላለን። በእኛ ቋንቋ ዘር የሚዘራውም የሚወለደውም ስለሆነ፣ እንዲያውም የእኛው ትርጉም ከግሪኩ ይልቅ ያማል እላለሁ።

ጦርነቱ ሲያበቃ በኑረምበርግ የናዚ መሪዎች ለፍርድ ቀረቡ። ሌምኪን ከአሜሪካው ዋና ዐቃቤ ሕግ ጋር በአማካሪነት ሠሩ። የተማሪዬ ጥያቄ መልስ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ጄኖሳይድ የሚለው ቃል በ1945 በወጣው የክስ ወረቀት ላይ ሰፍሯል፤ በ1946 በተነበበው ፍርድ ውስጥ ግን የለም። መሪዎቹ የተፈረደባቸው ጠብ አጫሪ ጦርነት በማካሄድ፣ በጦር ወንጀልና በሰብአዊነት ላይ በተፈጸመ ወንጀል ነው። ፍርድ ቤቱ ያያቸው ወንጀሎችም ከጦርነቱ ጋር የተያያዙትን ነው። አንድ መንግሥት በሰላም ጊዜ የራሱን ዜጎች ቢፈጅስ? የዶሮው ነገር ገና አልተፈታም ነበር።

የቤተሰባቸውን ወሬ ያረጋገጡትም በዚያው ጊዜ ነው። እናትና አባታቸውን ጨምሮ 49 ዘመዶቻቸው አልቀዋል። የተረፉት ወንድማቸው ኤልያስ፣ ሚስቱና ሁለት ልጆቻቸው ናቸው።

ከዚህ በኋላ ሌምኪን ሌላ ሕይወት አልነበራቸውም ማለት ይቻላል። በ1946 መጸው ኒው ዮርክ አጠገብ ወደነበረው የተባበሩት መንግሥታት ጊዜያዊ መቀመጫ ሄዱ። ሹመት የላቸውም፣ አገር አይወክሉም፤ ያረጀ ቦርሳ ይዘው በየኮሪደሩ ዲፕሎማቶችን ይጠብቃሉ። አንዳንዱ ሲያያቸው መንገድ ይቀይር ነበር ይባላል። እርሳቸው ግን ከኃያላኑ ይልቅ ትንንሾቹ አገሮች እንደሚሰሟቸው ቶሎ ገባቸው። የመጀመሪያውን የውሳኔ ሐሳብ ያቀረቡት ኩባ፣ ሕንድና ፓናማ ናቸው። ጠቅላላ ጉባኤው ዲሴምበር 11 ቀን 1946 የዘር ማጥፋት በዓለም አቀፍ ሕግ ወንጀል ነው ብሎ ወሰነ። ሁለት ዓመት ከፈጀ ክርክር በኋላ፣ ዲሴምበር 9 ቀን 1948 ፓሪስ ላይ፣ የዘር ማጥፋት ወንጀልን ለመከላከልና ለመቅጣት የወጣው ስምምነት ያለ ተቃውሞ ጸደቀ። ስምምነቱ በጦርነትም ሆነ በሰላም ጊዜ ይሠራል። ጋዜጠኞች ለቃለ መጠይቅ ሲፈልጓቸው ሰውየው ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው ያለቅሱ ነበር። ከዚያ ታመው ሆስፒታል ገቡ፤ ሐኪሞቹ የበሽታውን ስም ባጡ ጊዜ፣ ስምምነቱን ስከታተል የያዘኝ በሽታ ነው ብለው ራሳቸው ስም አወጡለት።

ስምምነቱ እንዲሠራ 20 አገሮች ሊያጸድቁት ይገባ ነበር። ከሁሉም ቀድማ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት፤ ጁላይ 1 ቀን 1949፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም.። አውስትራሊያ በሳምንቷ ተከተለች፤ ከዚያ ኖርዌይና አይስላንድ። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር መጀመሪያ አላመኑኝም ነበር። ምክንያቱን ለመገመት ግን ሩቅ መሄድ አያሻም። በመርዝ ጋዝ የተደበደበ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሦስት ቀን ውስጥ ሕዝቡ በየቤቱ የታረደና የተቃጠለ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ድረስ ሄደው የዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ጮኸው መልስ ያጡ አገር ነው። ግራዚያኒም ሆነ ባዶልዮ በኢትዮጵያ ላይ ላደረጉት በዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት አልቀረቡም። እንዲህ ያለ አገር በዚያ ወረቀት ላይ ለመፈረም ባይዘገይ ሊያስገርመን አይገባም። ኢትዮጵያ በ1957 ባወጣችው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 ደግሞ ወንጀሉን ከስምምነቱ አስፍታ፣ በፖለቲካ ቡድን ላይ የሚፈጸመውንም ጨመረችበት። የደርግ ባለሥልጣናት ከብዙ ዓመት በኋላ በዘር ማጥፋት የተከሰሱት በዚህ አንቀጽ ነው። ታላቋ አሜሪካ ራሷ ስምምነቱን ያጸደቀችው በ1988 ነው፤ ከኢትዮጵያ 39 ዓመት ዘግይታ።

ሰውየውን መልአክ አድርጌ እንዳላቀርብ አንድ ነገር ልጨምር። በ1951 ጥቁር አሜሪካውያን ተሟጋቾች በወገኖቻቸው ላይ የሚደርሰው ግፍ፣ በየዛፉ መሰቀሉ ጭምር፣ የዘር ማጥፋት ነው ብለው ለተባበሩት መንግሥታት አቤቱታ አቀረቡ። ሌምኪን ተቃወሟቸው፤ የኮሙኒስቶች ሴራ ነው አሉ። የአሜሪካ ሴናተሮች ስምምነቱን እንዳይጥሉባቸው ፈርተው ነበር። ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ አነጋገራቸው ግን አሁንም ይከነክነኛል። ቃሉ የት ይሠራል የት አይሠራም የሚለው ክርክር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አላባራም። ዛሬም በእኛ አካባቢ ቃሉ እንደ ስድብ ሲወረወር እንሰማለን። ስምምነቱ የሚጠይቀው አንድን ሕዝብ በሙሉ ወይም በከፊል የማጥፋት ሐሳብ መኖሩን ነው፤ ይህን የሚያሳዩ ደግሞ እንደነዚያ ዐዋጆች ያሉ ማስረጃዎች ናቸው። በሌላ በኩል ሌምኪን ሳይጨርሱት በቀሩት የዘር ማጥፋት ታሪክ ውስጥ ጀርመኖች በናሚቢያ በሄሬሮ ሕዝብ ላይ የፈጸሙትን፣ በቤልጂግ ንጉሥ ዘመን በኮንጎ የሆነውንም አስገብተዋል። ብዙ የአውሮፓ ምሁር ያን ጊዜ ይህን አይቆጥረውም ነበር።

የመጨረሻ ዓመታቸው ችግር ነው። በየልና በራትገርስ ዩኒቨርሲቲዎች ለጊዜው አስተማሩ፤ ለኖቤል የሰላም ሽልማት ደጋግመው ታጩ፤ አልተሸለሙም። አላገቡም። ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ ክፍል ቤት፣ ከወረቀት ክምር ጋር ይኖሩ ነበር። ኦገስት 28 ቀን 1959 በ59 ዓመታቸው ልባቸው በድንገት ቆመ። ቀብራቸው ላይ የተገኘው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። የጀመሩት የሕይወት ታሪካቸው የታተመው በ2013 ነው።

በ1940 ዐዋጆቹን ወደሰበሰቡባት ወደ ስቶክሆልም በጥር 2000 ከ40 የሚበልጡ መንግሥታት ተወካዮች መጡ። ከሁለት ዓመት በፊት ስዊድን፣ አሜሪካና ብሪታኒያ ስለ ሆሎኮስት በትምህርት፣ በመታሰቢያና በምርምር አብሮ ለመሥራት ያቋቋሙት ቡድን ሥራ ነበር። ተወካዮቹ በየአገራቸው ትምህርት ቤቶች ታሪኩ እንዲሰጥና የተዘጉ መዛግብት ለአጥኚዎች እንዲከፈቱ ቃል ገቡ።

ለእኛ የሚቀርበው ቦታ ግን አሩሻ ነው። ሴፕቴምበር 2 ቀን 1998 በዚያች የታንዛኒያ ከተማ የተቀመጠው የሩዋንዳ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት፣ የታባ ወረዳ ከንቲባ የነበረውን ዣን ፖል አካዬሱን በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ አለው። በሴቶች ላይ የተፈጸመው አስገድዶ መድፈርም የዚሁ ወንጀል አካል ሊሆን እንደሚችል ወሰነ። ማንም ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከዚያ በፊት በዚህ ወንጀል ማንንም ጥፋተኛ ብሎ አያውቅም። ሌምኪን ከተቀበሩ 39 ዓመት ሆኗቸው ነበር።